ኬንያውያን ስለ እኛ፣ እኛ ስለ ኬንያውያን የምናወራው ምን ያህሉ እውነት ነው?

ዘናይሮቢ ጻፈ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ናይሮቢ መኖር ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ሀበሻ በተሰበሰበበት ቡና ላይ ሁሉ አንድ ወሬ አይጠፋም። «ኬንያዊ ገንዘብ ካላየ ፊቱ አይፈታም።» «ኬንያዊ ይሉኝታ አያውቅም።» «ሥጋና ቢራ ካገኘ ሌላው አይገደውም።» መጀመሪያ አካባቢ እኔም እየነቀነቅኩ እሰማ ነበር።

በሌላ በኩል ደግሞ ኬንያውያን የሥራ ባልደረቦቼ ስለ እኛ የሚሉትን እሰማለሁ። ኩሩ ናችሁ ይላሉ። አትቀላቀሉም። የራሳችሁ ምግብ ቤት፣ የራሳችሁ ቤተ ክርስቲያን፣ የራሳችሁ ቀን መቁጠሪያ አላችሁ። ቅኝ አልተገዛንም ከማለት ሌላ ወሬ የላችሁም። አፍሪካዊ መሆናችሁንም የምታምኑ አይመስልም። ይህን የሚሉኝ ደግሞ የሚወዱኝ ሰዎች ናቸው።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ሁለታችንም የምንፈርደው በተገናኘንበት ቦታ ነው። ብዙው ሀበሻ ኬንያን ያወቃት በስደት ነው። ደርግ በ1991 (እ.ኤ.አ.) ሲወድቅ የተሰደደው በዋልዳና በካኩማ የስደተኞች ካምፕ አልፏል። ከዚያ በኋላ የመጣው ኢስሊ በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር ውስጥ ወረቀት ሳይኖረው ከፖሊስ ሲደባበቅ ኖሯል። እንዲህ የኖረ ሰው የሚያውቀው ኬንያዊ «ኪቱ ኪዶጎ» («ትንሽ ነገር») እያለ ጉቦ የሚጠይቀውን ፖሊስ፣ ኪራይ የሚጨምርበትን አከራይና የሚያዋክበውን የማታቱ (የሚኒባስ ታክሲ) ረዳት ነው። ኬንያዊው ደግሞ እኛን የሚያውቀን በምግብ ቤት አስተናጋጅነት፣ በአውሮፕላን ማረፊያ፣ በሩጫና መንገድ ላይ በሚያዙ ስደተኞች ዜና ነው። ከዚህ ተነስቶ የአንድን ሕዝብ ጠባይ መናገር አይቻልም። ግን ሁለታችንም እንናገራለን።

እስኪ የምታውቁትን ጻፉ። በስማ በለው ሳይሆን ያያችሁትን።

---

ሩጫ ወዳድ መለሰ፦

ስለ ሁለቱ አገሮች ሲወራ እኔ የምጀምረው ከሲድኒ ነው። 2000፣ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ። ኃይሌ ገብረሥላሴና ፖል ቴርጋት። ልዩነቱ 9 መቶኛ ሰከንድ ነበር። በዚያው ኦሊምፒክ በወንዶች 100 ሜትር አንደኛውና ሁለተኛው የተለያዩት ከዚህ በሰፋ ልዩነት ነው! ያን ቀን ያልጮኸ ኢትዮጵያዊ የለም። ግን ስንቶቻችን ነን ቴርጋትን የምንጠላው? እኔ አንድም ሰው አላውቅም። በ2003 በርሊን ላይ የማራቶንን ክብረ ወሰን ሲሰብር ኃይሌን ያሸነፈ ሰው ነው ብለን አከበርነው... ይቅርታ፣ ኃይሌን እስከ መጨረሻው ያስጨነቀ ሰው ማለቴ ነው። በ2007 ኃይሌ እዚያው በርሊን ላይ ወሰደበት።

ስለ ጠባይ ከተነሳ ግን ልዩነት አለ። ኬንያ ውስጥ ኢተን የምትባል ከተማ አለች፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ። ሐሙስ ጠዋት ፋርትሌክ (ፍጥነት እየጨመሩና እየቀነሱ የሚሮጥ ልምምድ) ሲኖር የዓለም ሻምፒዮኑም፣ ከአውሮፓ የመጣው አማተርም፣ ጫማው የተቀደደው ጎረምሳም አንድ ላይ ነው የሚነሱት። ከሮጥክ ሮጥክ ነው፣ ማን ነህ የሚልህ የለም። እኛ ጋ ልምምዱ በክለብና በብሔራዊ ቡድን ነው። እንጦጦና ሱሉልታ ላይ ሰው ከአሰልጣኙ ጋር ነው የሚታየው። ኬንያውያን ይህን አይተው «ኢትዮጵያውያን ምስጢረኛ ናቸው» ይላሉ። የእኛ አሰልጣኞች ደግሞ የእነሱን «ሥርዓት የለውም» ይሉታል። በሁለቱም መንገድ ግን ሜዳሊያ ይመጣል።

---

አዲስ መሐንዲስ መለሰ፦

ዘናይሮቢ፣ አንተ ከዚያ ወገን ነው ያየኸው፣ እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ነው። ሳፋሪኮም በ2022 አገልግሎት ሲጀምር ብዙ ኬንያዊ ባለሙያ ወደ ከተማችን መጣ። የእኔ መሥሪያ ቤት ሌላ ቢሆንም በፕሮጀክት ምክንያት ከኬንያውያን ጋር ነው የምውለው።

ትልቁ ግጭት ስብሰባ ላይ ነው። ኬንያዊው ይናገራል። አለቃውን በስሙ ጠርቶ «በዚህ አልስማማም» ይላል። ስብሰባው ሲያልቅ ሁለቱ እየተሳሳቁ ሻይ ሊጠጡ ይሄዳሉ። የእኛ ሰው ደግሞ ስብሰባው ላይ ዝም ይላል። ቅሬታ ካለው በኋላ ቢሮ ገብቶ ለብቻው ይናገራል፣ ወይ ለጓደኛው ይነግረዋል። እኛ «እነዚህ ደፋሮች፣ ታላቅ አያከብሩም» አልን። እነሱ «ኢትዮጵያውያን የሆነ ነገር ይደብቃሉ፣ ፊት ለፊት እሺ ብለው ከኋላ ሌላ ይሠራሉ» አሉ።

የገባኝ ቆይቶ ነው። ስብሰባው በእንግሊዝኛ ነው። ኬንያዊው ከሕፃንነቱ የተማረበት ቋንቋ ነው፣ ቢሳሳትም ግድ የለውም። የእኛ ልጅ ደግሞ ሰዋስው ተሳስቼ ይሳቅብኛል ብሎ ይፈራል። አንዱ የኬንያ ባልደረባዬ በግልጽ ነግሮኛል። ስለማትናገሩ የማታውቁ መስሎኝ ነበር፣ ሥዕላችሁን ሳይ ደነገጥኩ አለኝ። የንድፍ ሥዕሉን ማለቱ ነው። ከዚያ በኋላ ስብሰባ ከመጀመሩ በፊት ነጥቦቹን በጽሑፍ መላክ ጀመርን። የእኛ ልጆች በጽሑፍ ላይ አንበሳ ናቸው። ነገሩ በዚህ ብቻ ግማሹ ተፈታ።

አሁን የሚያመኝን ልናገር። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ ናት። እዚህችው ከተማ ውስጥ ታክሲ ነጂው ኬንያዊውን ባልደረባዬን «ከአፍሪካ ነህ?» ብሎ ጠየቀው። እሱ ሳቀ፣ እኔ አፈርኩ። ልጆች መንገድ ላይ ስለ ቆዳው ቀለም የሚሉትን እዚህ መድገም አልፈልግም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ኬንያውያን «አፍሪካዊ መሆናችሁን አታምኑም» ሲሉ ስም እያጠፉን አይደለም። ያዩትን ነው የሚናገሩት። ይህን የቦታ ጉዳይ ነው ብለን ማለፍ የለብንም።

---

ዘናይሮቢ መለሰ፦

መሐንዲስ፣ እውነት ነው። በእኔ ሐሳብ የማይሸፈን ነገር ነው ያነሳኸው። የሚያሳዝነው ደግሞ ታሪኩ ነው። ጣሊያን በ1935 ሊወረን ሲዘጋጅ ለንደን ውስጥ የኢትዮጵያ ወዳጆች ማኅበር አቋቁመው ከተንቀሳቀሱት አፍሪካውያንና ካሪቢያውያን አንዱ ጆሞ ኬንያታ ነበር። ያኔ የራሱ አገር በእንግሊዝ እጅ ነበረች። ናይሮቢ መሀል ላይ ዛሬም ኃይለ ሥላሴ አቬኑ አለ፤ በየቀኑ በማታቱ አልፍበታለሁ። ኬንያውያን እኛን ከራሳቸው ለይተው አላዩንም ነበር።

---

የቦረና ልጅ መለሰ፦

እናንተ ስለ ኬንያና ስለ ኢትዮጵያ ስታወሩ እኔ ሞያሌ ተወልጄ ማንን «እነሱ» እንደምል ግራ ይገባኛል። ሞያሌ ሁለት ናት። አንዷ በዚህ፣ አንዷ በዚያ። አጎቴ በዚያ ነው፣ እኛ በዚህ። ቋንቋው አንድ፣ ጎሳው አንድ፣ የውሃው ጉድጓድ አንድ። በየስምንት ዓመቱ የጉሚ ጋዮ ጉባኤ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲደረግ የኬንያ ቦረና ተሻግሮ ይመጣል። አባ ገዳው የሁሉም አባ ገዳ ነው።

ሆኖም ልዩነት የለም ማለቴ አይደለም። ትምህርት ቤት ነው የለየን። የአጎቴ ልጅ በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ተማረ፣ እኔ በአማርኛም ጭምር። ሁለታችን ስንጣላ በቦረንኛ እንጀምርና ሲብስብን እሱ በስዋሂሊ ይሳደባል፣ እኔ በአማርኛ። እሱ እኔን «ሀበሻ ሆነሃል፣ ቡና ሳትጠጣ ሰላም አትልም» ይለኛል። እኔ እሱን «ኬንያ ሆነሃል፣ ሁሉን ነገር ታስቸኩላለህ» እለዋለሁ። ሁለታችንም የአንድ አያት ልጆች ነን።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙዎቻችሁ የማታውቁት። በኬንያ ሰሜን ያለው ሰው ወደ ናይሮቢ ሲሄድ «ወደ ኬንያ ልሄድ ነው» ይላል። እዚያው ኬንያ ውስጥ ተቀምጦ! ለብዙ ዓመታት መታወቂያ ለማውጣት ከሌላው ኬንያዊ የተለየ ማጣሪያ ያልፉ ነበር። መንገዱም እንዲሁ። ከኢሲኦሎ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት የገባው በቅርብ ዓመታት ነው፤ ድሮ በከብት መኪና ላይ ተንጠልጥለው ቀናት ይፈጅባቸው ነበር። ስለዚህ «ኬንያዊ እንዲህ ነው» ስትሉ የትኛው ኬንያዊ? ኪኩዩው? ሉኦው? ቱርካናው? የሞምባሳው እስላም? እናንተ «ኬንያዊ» የምትሉት ናይሮቢን ነው።

የድንበሩን ነገር ማየት የሚፈልግ ደግሞ ኬላው ላይ ይቁም። ኬንያ ውስጥ መኪና በግራ ነው የሚነዳው፣ እኛ ጋ በቀኝ። የጭነት መኪናው ከኬላው ሲወጣ ሾፌሩ መስመር ይቀይራል። ለፍየሎቹ ግን ግራም ቀኝም የለም።

---

ሰላም ኬ መለሰች፦

ባለቤቴ ኪኩዩ ነው። ልጆች አሉን። ስለ «ገንዘብ ካላየ» የተባለው ላይ አንድ ነገር ልበል፤ በደንብ የማውቀው ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ይረዝማል።

አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ያረፉ ጊዜ ነው። እኔ የጠበቅኩት እንደ አገሬ ነው። ሰው ሞተ፣ በዚያው ቀን ወይ በማግስቱ ይቀበራል፣ ከዚያ ድንኳን፣ ንፍሮ፣ ሦስት ቀን ለቅሶ መቀመጥ። ምንም እንዲህ የሆነ የለም። አስከሬኑ ሁለት ሳምንት ገደማ አስከሬን ቤት ቆየ። ፎቶአቸው ጋዜጣ ላይ ወጣ። የልጆቹ፣ የልጅ ልጆቹ፣ የአማቾቹ ስም በዝርዝር። የእኔም ስም ነበረበት። በየማታው ቤታችን ውስጥ ኮሚቴ ይሰበሰባል። ሰብሳቢ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ። ገንዘብ ያዡ ተነስቶ በኤምፔሳ (በሞባይል ገንዘብ) የገባውን ከነስሙ ያነባል። እገሌ 500 ሽልንግ፣ እገሊት 1,000። ሰው ያጨበጭባል። ጸሎት ተደርጎ ሻይ በወተት ይጠጣና ይበተናል።

እኔ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ለሰውዬው ብቻ አይደለም። «ለሞተ ሰው እንኳ ገንዘብ ይቆጥራሉ» ብዬ ነው። እህቴ ከአዲስ አበባ ስትደውልም ይህንኑ ነው ያለችው።

አማቴ፣ ማለትም የባለቤቴ እናት፣ ጠጋ ብለው ጠየቁኝ። እናንተ ጋ እንዴት ነው? ነገርኳቸው። በማግስቱ እንደምንቀብር ስነግራቸው ክው አሉ። «ውጭ አገር ያለው ልጅስ? ሳይደርስ?» አሉ። ለእሳቸው የእኛ ጥድፊያ ጭካኔ ነበር። ቀጥለው ወጪውን ማን እንደሚከፍል ጠየቁ። እድርን አስረዳኋቸው። በየወሩ እንደምናዋጣ፣ ካልከፈልክ እንደምትቀጣ፣ ሰው ሲሞት ድንኳኑም ወንበሩም ድስቱም ከእድር እንደሚመጣ። እሳቸው ሰምተው «ታዲያ እናንተም ትከፍላላችሁ፣ እናንተ ቀድማችሁ ነው፣ እኛ ሲደርስ ነው» አሉኝ። መልስ አጣሁ። የእኛ ገንዘብ አስቀድሞ ስለተከፈለ ለቅሶው ላይ አይታይም። የእነሱ ይታያል። ልዩነቱ ይኸው ነው።

በኋላ ሌላም ነገር አየሁ። ኬንያውያን ከቀብር በፊት ነው የሚሰበሰቡት። ከቀብሩ በኋላ ሁሉም ወደ ሥራው ይሄዳል። እኛ ከቀብር በኋላ ነው የምንመጣው፤ ሦስተኛው ቀን፣ ዐርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ። አማቴ ከቀብሩ በኋላ ባዶ ቤት ሲቀሩ እኔ እንደ አገሬ በየሳምንቱ እየሄድኩ አብሬያቸው መቀመጥ ጀመርኩ። የእሳቸው ጎረቤቶች ገረማቸው። ዛሬ ድረስ ለሰው ሁሉ የሚናገሩት ይህን ነው። ስለዚህ የማን ባህል ይሻላል ብላችሁ አትጠይቁኝ። ልጆቼ ሁለቱንም እንዲያውቁ ነው የምፈልገው።

---

ማርታ ከሐርሊንግሃም መለሰች፦

ሰላምዬ ጽሑፍሽ አንጀቴን በላው። እኔ ናይሮቢ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። «ኢትዮጵያውያን ሴቶች ቆንጆ ናቸው» የሚለውን የማልሰማበት ሳምንት የለም። ሰው ያደንቀኛል ብሎ ነው የሚያስበው። የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ሲነገርሽ ግን አድናቆት አይደለም። የሂሳብ ባለሙያ ነኝ፣ ስለ ሂሳብ ጠይቁኝ። አዲስ አበባ ስሄድ ደግሞ በአማርኛዬ «ኬንያዊቷ መጣች» እባላለሁ። የሁለቱም አገር ሰው ሳያውቀኝ ይፈርድብኛል።

---

መንገደኛ መለሰ፦

ሁላችሁም በሰላም የኖራችሁ ናችሁ። እኔ ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመሄድ በሞያሌ የገባሁ ነኝ። ተይዤ ታስሬ ነበር። ጉቦ ተጠይቄያለሁ፣ የያዝኩትን ሁሉ ወስደዋል። ያንን «የተገናኘንበት ቦታ ነው» ብላችሁ አታለሳልሱብኝ። በደል በደል ነው።

ግን እውነቱን ከተጠየቅኩ ሁለት ነገር እጨምራለሁ። ቤት ውስጥ ቆልፎብን፣ ገንዘባችንን ይዞ የጠፋው ደላላ የራሳችን ሰው ነበር። በአማርኛ ነው «አይዟችሁ» ያለን። ፖሊስ ጣቢያ ሳለን ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሻይና ቻፓቲ የምታመጣልን በበሩ ላይ የምትሸጥ ኬንያዊት ነበረች። ገንዘብ እንደሌለን ታውቃለች። ስዋሂሊ አንችልም ነበር፣ «አሳንቴ» (አመሰግናለሁ) ብቻ። በሞያሌ በኩል ሲመልሱን ተሰናብተናት አልወጣንም፤ ሌሊት ነበር። ስለ ኬንያ ሰው ሲጠይቀኝ ሁለቱንም እናገራለሁ። አንዱን ትቶ አንዱን መናገር ውሸት ይሆንብኛል።

---

ዘናይሮቢ መለሰ፦

መንገደኛ ወንድሜ፣ እንኳን ለአገርህ አበቃህ። ማለሳለስ አልፈለግሁም። ፖሊሱ ያደረገው በደል ነው፣ ተጠያቂም መሆን ነበረበት። እኔ የምቃወመው «ኬንያዊ እንዲህ ነው» ተብሎ ሻይ ያመጣችልህ ሴት አብራ ስትሰደብ ነው። ናይሮቢ ውስጥ ፖሊስን ከእኛ የበለጠ የሚፈሩ ኬንያውያን ወጣቶች አሉ፤ በ2020 በ«ኤንድ ሳርስ» ጊዜ ናይጄሪያውያን የፖሊስን በደል ተቃውመው የጮኹትን እነሱም በየጊዜው ይጮኻሉ። ያንን ማወቅ ቁስሉን ባያሽርም ጣታችንን ወደ ትክክለኛው ቦታ እንድንቀስር ይረዳል።

---

ጾመኛው መለሰ፦

ትንሽ ቀለል ያለ ነገር ላምጣ። ረቡዕና ዓርብ እንደምጾም ያወቁ ኬንያውያን ጓደኞቼ ሐኪም የከለከለኝ ይመስላቸው ነበር። ኛማ ቾማ (ጥብስ ሥጋ) ቤት ተቀምጬ ሱኩማ ዊኪ (ጎመን) እና ኡጋሊ (የበቆሎ ገንፎ) ሳዝ አስተናጋጁ ያዝንልኝ ነበር። በፋሲካ ቁርጥ ሥጋ ስበላ ያየ ቀን ደግሞ ወንበሩን አራቀ! ጥሬ ሥጋ መብላታችን ከጾማችን በላይ ነው የሚያስደነግጣቸው።

ስለ ሰዓት ግን ማንም እንደ ኬንያዊ አይረዳንም። ፈረንጅ ሦስት ሰዓት ስትለው ይደናገራል። ኬንያዊ በስዋሂሊ ልክ እንደ እኛ ከንጋት ጀምሮ ነው የሚቆጥረው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ካልከው ሦስት ሰዓት ይመጣል። በእንግሊዝኛ ከሆነ ዘጠኝ ይልሃል፤ ያው ነው። ማርፈዱ ላይ ሁለታችንም እኩል ነን።

---

አዲስ ገቢ መለሰ፦

ሰላም ኬ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ናይሮቢ ሥራ ከጀመርኩ ገና ነው። የባልደረባዬ አባት አርፈው ዋትስአፕ ግሩፕ ውስጥ አስገብተውኛል። ሰው ሁሉ ገንዘብ እየላከ ነው። ቀብሩ ቅዳሜ ኒዬሪ አካባቢ ነው አሉ። ስንት ልላክ? መሄድስ አለብኝ? ለቅሶ እንደምንደርስ በኋላ ቤቱ ብሄድ አይበቃም?

---

ሰላም ኬ መለሰች፦

ወንድሜ፣ በኋላ ብትሄድ ቤቱ ሰው አታገኝም፤ ስለዚህ አሁን ነው። አቅምህን ላክ፣ 500ም ሆነ 1,000 ሽልንግ ማንም አይንቅህም። ስምህ ዝርዝሩ ላይ መኖሩ ነው የሚታየው። ቢቻልህ ከቀብሩ በፊት አንድ ማታ ስብሰባቸው ላይ ተገኝ። ባዶ እጅህን ብትሄድም ችግር የለም፤ ሻይ ይሰጡሃል። ቅዳሜ ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ጋር መኪና ተጋራ፤ ንጋት 11 ሰዓት ነው የሚነሱት። ጥቁር መልበስ ግዴታ አይደለም፣ ንጹሕ ልብስ ይበቃል። ኒዬሪ ይበርዳል፣ ጃኬት ያዝ። ቤተሰቡን አንድ በአንድ እየጨበጥክ «ፖሌ ሳና» (በጣም አዝናለሁ) በል። ንግግር ይበዛል፣ ታገሥ። «ከኢትዮጵያ የመጣው ባልደረባችን» ብለው ሊያስነሱህ ይችላሉ። ተነስና ስምህን ተናገር፣ ስለ ልጃቸው ጥሩነት አንድ ነገር በል፣ ተቀመጥ። እናትየውን መጨበጥ እንዳትረሳ።